ማሰሮዎቹን የሠራችው

ልጄ ቤቴል ሶዶ ላይ የባህል ዕቃዎች ኤግዚቢሽን ልታዘጋጅ መሆኗን ስትነግረኝ ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ። ሸክላ ሠሪ ነኝ። ሰው በእኔ ድስት የተሠራውን ወጥ ጣቱን እየላሰ ይበላል፤ ቤቴ ግባና ቅመስ ስለው ግን አሁን በላሁ ይላል። ንቀቱን ለምጄዋለሁ። አሁን ግን ልጄ የእኔን ማሰሮ ሕዝብ ፊት ልታቆም ነው!

የማሰሮዎቹ አንገት ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ አንከባልዬ ጌጥ አወጣሁላቸው። አንዱ ሲተኮስ ተሰነጠቀ፤ እየተነጫነጭኩ ሌላ ሠራሁ። ቤቴል መጥታ ስትወስዳቸው፣ "እማዬ፣ አንቺ ግን አትምጪ። ፀሐዩም መንገዱም ያደክምሻል" አለችኝ። አሳቢ ልጅ አልኩ። እኔ ሞኟ!

አላስቻለኝም። ነጠላዬን አጥቤ፣ በባጃጅ ሄድኩ። ከአዳራሹ በር ላይ ሆኜ ሳይ ማሰሮዎቼ ከፊት ተደርድረዋል። ቤቴል አጠገባቸው ቆማ አንዲት ሴትዮ ታስጎበኛለች። ወይዘሮ መብራት ናቸው፣ የእጮኛዋ እናት፤ በፎቶ አውቃቸዋለሁ። አስተዋውቂን ባልኳት ቁጥር "ትንሽ ቆዪ" ትለኝ ነበር።

"ሲያምር! ማን ሠራው?" አሉ ወይዘሮ መብራት።

"አንዲት የገጠር ሸክላ ሠሪ ነበረች። አርፋለች" አለች ልጄ።

የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን ደብቃቸዋለች ለካ! ዞር ስትል አየችኝ፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

ወይዘሮ መብራትም አዩኝ። "ይግቡ እናቴ፣ እርስዎም ይዩ እንጂ" አሉኝ በትሕትና።

ልጮህ ነበር። እጄን ዘርግቼ፣ ይኸው የሠራው እጅ፣ ይቺም ልጄ ናት ልል ነበር። ግን አንዴ ዕድል ልስጣት አልኩ፤ ራሷ ትናገረው። ፈርታ ነው፣ እኔን ካየች በኋላማ አትደግመውም አልኩ።

ተጠግቼ፣ "ያሳዝናል። ልጅ አልነበራትም?" ብዬ ጠየቅኳት።

ቤቴል ወይዘሮ መብራትን አየች። ከዚያ እኔን አየች። አፏ ሲከፈት "እማዬ" የምትል መሰለኝ፤ ልቤ ዘለለ።

"አልነበራትም፣ እማማ" አለችኝ፣ መንገድ ላይ ያገኟትን አሮጊት እንደሚጠሩ።

ሞታለች ማለቷን ይቅር ብያት ነበር። አልወለድሽኝም ስትለኝ ግን ምን ልበል? ወይዘሮ መብራትን እጅ ነስቼ ወጣሁ።