ዕጣ ጣይዋ ከበቡሽ

የበሬው ሥጋ በእንሰት ቅጠል ላይ ተደልድሎ ዐሥር መደብ ሆነ፤ ለዐሥር ቤት። በሬውን ደምሰው ነው ከአልዱባ ገበያ ነድቶ ያመጣው፣ ያረደውም እሱ ነው። ዕጣ የምትጥለው ግን ከበቡሽ ናት። በዚህ የጂንካ ሰፈር የገና ቅርጫ ያለሷ ተከፋፍሎ አያውቅም፤ ይኸው ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሃያ ዓመት።

እሷ ጀርባዋን ትሰጣለች። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ምልክቱን በደምሰው ኮፍያ ውስጥ ይጥላል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የበቆሎ ፍሬ፣ አንዱ ቁልፍ። ከዚያ ዞር ትልና የማን የማን እንደሆነ ሳታውቅ በየመደቡ ላይ ታስቀምጣለች። ምልክትህ ያረፈበትን ይዘህ ትሄዳለህ። መለዋወጥ የለም፤ ዕጣ የእግዚአብሔር ነው።

ሳታውቅ ይባላል እንጂ ታውቅ ነበር። አሰገደች በየዓመቱ የምትጥለው ያችኑ ሰማያዊ የሸሚዝ ቁልፍ ነው። ደምሰው ጫፉ የታኘከ የክብሪት እንጨት። እናም ቅልጥሙ ያለበት መደብ ዘንድሮ ለባሰበት፣ ጅማት የበዛበት ደግሞ ለራሷ ይደርሳል። ይህን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። ለእግዚአብሔር ብቻ ነግራዋለች፤ እሱንም ቆጣ ብላ፦ "አንተ ዝም ስትል ጊዜ ነው እኔ የገባሁበት!"

ዘንድሮ በልቧ የያዘቻት ፅጌረዳን ነበር። ፅጌረዳ ከወላይታ የመጣች ናት፤ ግንበኛው ባሏ ዳርጌ ለሥራ ወደ ቆላው ዱስ ወርዶ ለበዓሉ አልደረሰም። እሷ የዐሥራ ሁለት ቀን አራስ ናት፣ ፊቷ ገርጥቷል። መረቅ ያስፈልጋታል። ምልክቷ ቀይ ክር ነው።

የደምሰው ልጅ ታሪኩ ግን ወረቀት ይዞ መጣ። ቢሮ ይሠራል።

"እማማ፣ ዘንድሮ በሲስተም ነው። የሁሉንም ስም ጽፌ ጠቅልዬዋለሁ። ግልጽነት እንዲኖር ነው።"

"እስከ ዛሬ በጨለማ ነበር የበላኸው? ይሄ ጥርስህ የበቀለው በማን ዕጣ ሆነና!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ታሪኩም ስቆ ወረቀቶቹን እጇ ላይ አደረገላት። ዐሥሩም አንድ ዓይነት ናቸው። ከበቡሽ ፊደል አትለይም፤ ባለመማሯም አፍራ አታውቅም፣ "የተማሩትስ የት ደረሱ?" ባይ ናት። ያን ጠዋት ግን ወረቀቶቹን ብታገላብጥም የፅጌረዳን ልትለይ አልቻለችም። አንድ በአንድ አስቀመጠች። ቅልጥሙ ጋ ስትደርስ እጇ ቆም አለ። "እንግዲህ ጌታዬ፣ አንተ ታውቃለህ" ብላ ጣለችው።

ታሪኩ እየፈታ አነበበ። ጅማቱ የፅጌረዳ። ቅልጥሙ የከበቡሽ።

"ተመስገን! ደረሰሽ በስንት ዓመትሽ!" አለች አሰገደች።

"ምን ደረሰኝ? ነይ ፅጌረዳ፣ ይህን ውሰጂ፤ ያንቺን ወዲህ በይ።"

ፅጌረዳ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "ኧረ እማማ! ጌታ ለእርስዎ የሰጠውን እኔ እንዴት ልውሰድ?"

"ዕጣ አይለወጥም" አለ ደምሰው ቢላዋውን እየጠረገ። "ራስሽ አይደለሽ እንዴ እንዲህ የምትይው?"

ዝም ብትል አራሷ ጅማት ይዛ መሄዷ ነው። ብትናገር ሃያ ዓመት የታመነችበት ስሟ መሄዱ ነው። ከበቡሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች።

"ስሙኝ! እስከ ዛሬ የእግዚአብሔር ዕጣ ስትሉት የኖራችሁት የኔን ነው። ምልክታችሁን አውቀዋለሁ። ቁልፏንም፣ ክሯንም፣ የታኘከውን ክብሪትም። ለፈለግሁት ነው ስሰጥ የኖርኩት። በሉ ፍረዱብኝ፤ ቅልጥሙ ግን ያራሷ ነው!"

አሰገደች ቀድማ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሁላችንንም ዕውር አደረግሽን? ሸሚዙ አልቆ መወልወያ ከሆነ ስንት ዘመኑ! ባሌ በታመመ ዓመት ቅልጥሙ ሲደርሰኝ ነው የገባኝ። ይቺን ቁልፍ በየዓመቱ የማመጣት ምልክቴ እንዳይጠፋብሽ ብዬ ነው።"

"እኔስ ክብሪቱን የማኝከው ርቦኝ ነው?" አለ ደምሰው።

"ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?"

"ብንነግርሽ ትተይው ነበራ! ኩራትሽን መች አጣነው" አለች አሰገደች።

ከበቡሽ ልትሳደብ አፏን ከፈተች። ስድቡ ጠፋባት።

"ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ?" አለ ታሪኩ ወረቀቶቹን ኪሱ እየከተተ።

"ቢሮ ምን ጊዜም መጨረሻ ነው የሚሰማው" አለችው፤ ይኼኛው አልጠፋባትም።

ደምሰው ግን ዕጣው ይለወጥ የሚለውን አልተቀበለም። "የዘንድሮው ዕጣ እንኳ የእግዚአብሔር ይሁንለት እንጂ! ድስትሽን የትም ብትጥጂ ግን ማን ይከለክልሻል?" አላት። ከበቡሽም ቅልጥሟን ተሸክማ አራሷ ቤት ሄደች። አሰገደች ጎደሬ ይዛ ተከተለቻት። መሬቱ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘው ሁለት ድስት ጣዱ፤ በአንዱ ቅልጥሙን፣ በሌላው የአራሷን ጅማት።

ሲበስል ከበቡሽ ጸለየች። ጸሎቷ ረጅም ነው፣ ተግሳጽም አያጣውም። ያን ቀን ግን አጭር ነበር። "ጌታ ሆይ፣ ተመስገን። አንተም ታውቅ ነበር፣ እነሱም ያውቁ ነበር። ሞኟ እኔ ነበርኩ። ስለ ጎረቤቶቼ ተመስገን። አሜን።"

ፅጌረዳ መረቁን ፉት ስትል ግንባሯ በላብ ወዛ። ሕፃኗ ቤቴል እቅፏ ውስጥ ተኝታለች። ከበቡሽ ከሌላኛው ድስት አውጥታ ታኝካለች፤ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ከአራሷ ላይ ሳታነሳ።

"እማማ፣ እሱ እኮ ጅማት ነው፤ ከዚህ ይውሰዱ እንጂ።"

"አርፈሽ ጠጪ" አለች ከበቡሽ። "ሃያ ዓመት በልቼዋለሁ። እንደ ዛሬ ግን ጣፍጦኝ አያውቅም።"