የነገሥታቱ ሰገነት

ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት አንድ ንጉሥ ናቸው። ልጃቸው በጠና ታማ ከሞት አፋፍ ስትመለስላቸው የተሳሉትን ስእለት ሊፈጽሙ አሠሩት ይባላል። በግራው ግድግዳ ላይ፣ ከመሬት ሁለት ሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ ጠባብና ረጅም የእንጨት ሰገነት አለ። ንጉሡና ቤተሰባቸው ጸሎት የሚከታተሉት እዚያ ላይ ተቀምጠው ነበር። የደብሩን ታሪክ በቃላቸው የያዙ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ አሉ፤ ሰዉ እማማ መዝገብ ይላቸዋል። ሰገነቱ ለምን ተሠራ ሲባሉ፣ ንጉሡ ሲያንቀላፉ ሕዝቡ እንዳያያቸው ነው ይሉና ከሰሚው ቀድመው ይስቃሉ። የንጉሡ ዘር ከዙፋን ከወረደ ወዲህ ሰገነቱ ተዘግቶ ኖረ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት መቶ ዓመት ሲሞላው የሰበካው ኮሚቴ ሰገነቱ እንዲከፈትና መዘምራኑ ከዚያ ላይ እንዲዘምሩ ወሰነ። እንጨቱን እንዲመረምር የታዘዘው አንድ አናጢ ነበር። አናጢው የዚያው ደብር ልጅ ነው፤ የተጠመቀውም ያገባውም እዚያ ነው። ሚስቱም ከመዘምራኑ አንዷ ናት። ሰገነቱን የተሸከሙት ግንዶች አሥራ አንድ ናቸው። አሥሩን በመዶሻ እያንኳኳ አዳመጣቸው፤ ደህና ነበሩ። አሥራ አንደኛው፣ ወደ ሰገነቱ ከሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ በጣም የራቀው፣ ጫፉ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ በልስን ተሸፍኗል። ልስኑ ላይ የንጉሡ ማኅተም ተሥሏል። አናጢው ጥቂት ልቀርፍና ልየው ቢል የኮሚቴው ሊቀ መንበር በፍጹም አሉ፤ ለበዓሉ ብለን ቅርሱን ልናበላሽ ነው ወይ ብለው ተቆጡ። አናጢውም አሥሩ ደህና ከሆኑ ይሄም ደህና ነው ብሎ ራሱን አሳመነና የምርመራውን ወረቀት ፈረመ።

በበዓሉ ጠዋት ሃምሳ ሁለት ሰው ሰገነቱ ላይ ወጣ። ታች ደግሞ መፈናፈኛ አልነበረም። አናጢው የሚስቱን ድምፅ ለይቶ መስማት ስለፈለገ እሷ ከቆመችበት ጫፍ ትይዩ፣ ከሰገነቱ ሥር ተቀመጠ። ሁለተኛው መዝሙር ሲጀመር እጅጌው ላይ ብናኝ ነገር ወረደበት። የልስን አቧራ መስሎት ሊያራግፈው ሲል በጣቶቹ መሃል አሸት አደረገው። ልስን አይደለም። ምስጥ በልቶ የጨረሰው እንጨት ዱቄት ነው።

ቀና አለ። ጠዋት ሲያየው ግድግዳውና አሥራ አንደኛው ግንድ ተጣብቀው ነበር፤ አሁን በመሃላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከዚያ እንጨቱ ሲጥ ሲል ሰማው። በመዝሙሩ ምክንያት ሌላ ማንም አልሰማም።

የሚስቱን ስም ጠርቶ መጮኽ አማረው። ግን ከጮኸ ሃምሳ ሁለቱም ባንዴ ወደዚያች ጠባብ ደረጃ እንደሚሮጡ፣ ሩጫው ደግሞ ግንዱን እንደሚጨርሰው ያውቃል። ስለዚህ ተነሣና፣ ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው፣ በዳር በዳር እያለ ወደ ፊት ተራመደ። ያን ያህል ረጅም መንገድ በሕይወቱ ሄዶ አያውቅም።

ከቄሱ ጆሮ ሥር ጎንበስ አለ።

«አባ፣ ሰገነቱ ሊወድቅ ነው። ከሮጡ ደግሞ አሁኑኑ ይወድቃል።»

«ምን ላድርግ?» አሉ ቄሱ፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

«አንድ ባንድ ያውርዷቸው። ከደረጃው በኩል ያሉት ይቅደሙ፣ መተላለፊያ የለም። መዝሙሩ እንዳይቋረጥ።»

«ሚስትህስ?»

«መጨረሻ ላይ ናት።»

ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው ነበር። ዛሬ መዘምራኑ እየዘመሩ፣ ተራ በተራ፣ በዝግታ ወርደው ቡራኬ ይቀበላሉ አሉ። ከሰገነቱ ሥር ያላችሁም ለነሱ ቦታ እንድትለቁ ተነሡና ወደ ቀኝ እለፉ አሉ። ሰዉ ትንሽ አጉረመረመ፤ ግን ተነሣ።

አናጢው ደረጃው ግርጌ ቆሞ የሚወርዱትን ክንድ እየያዘ ያሳልፋል። እማማ መዝገብም ከመዘምራኑ ጋር ወጥተው ኖሯል። በምርኩዛቸው አንድ ደረጃ ይወርዱና ይቆማሉ። ከኋላቸው ያለው ሁሉ ተገተረ።

«ይሄ የረገጥኩት ድንጋይ እኮ ንግሥቲቱ...»

«እማማ፣ በኋላ ይነግሩኛል» አላቸው።

ወሬያቸውን ማንም አቋርጧቸው አያውቅም። ሊቆጡት ቀና ሲሉ ፊቱን አዩት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ከዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ወረዱ።

ሰው በወረደ ቁጥር መዝሙሩ ሳሳ፤ በሳሳ ቁጥር ደግሞ የእንጨቱ ሲጥሲጥታ እየጎላ መጣ። ከመዘምራኑ አንድ ልብስ ሰፊ ሲጥታውን ሰማና እግሩን አፈጠነ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። የአናጢው ሚስት ከኋላው ኮቱን ጨምድዳ ያዘችው። መዝሙሩን አላቋረጠችም፤ ዐይኖቿ ግን ታች ያለውን ባሏን አገኙት። እንደገባት አወቀ።

ሰባት ቀሩ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ እሷ ብቻ፣ ብቻዋን እየዘመረች።

ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ቆማበት የነበረው ጫፍ በጉልህ ድምፅ ተሰንጥቆ ክንድ ያህል ወረደ። ሕዝቡ ጮኸ። እሷ መደገፊያውን አቅፋ ቀረች፤ ወለሉ ከሥሯ አዘንብሏል። አናጢው ደረጃውን ሮጦ ወጣና መጨረሻው ድንጋይ ላይ ቆመ። እንጨቱን ቢረግጥ ክብደቱ እንደሚያወርደው ስላወቀ እጁን ብቻ ዘረጋ።

«እኔን እያየሽ ነይ። ከግድግዳው አትራቂ» አላት።

መጣች። እጇን ይዞ ወደ ድንጋዩ ሳባት፤ ቄሱም ሕዝቡን ወደ ግቢው አስወጡ።

ሁሉም ግቢው ውስጥ ቆመው ሳለ ሰገነቱ ከጫፉ ጀምሮ ወረደ። ሥሩ የነበሩትን አግዳሚዎች እንደ ክብሪት እንጨት ሰባበራቸው። ከሰው የተጎዳ ቢኖር ሲወጣ እግሩ የተጠማዘዘው የደብሩ ጥበቃ ብቻ ነው። ሰዉ አናጢውን ሊያቅፈው ሲተራመስ እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ አሥራ አንደኛውን ግንድ ሳላየው ነው የፈረምኩት አላቸው። ሊቀ መንበሩ ጫማቸውን እያዩ ቆዩና ከግቢው ወጥተው ሄዱ። በሳምንቱ ግን ለኮሚቴው ስብሰባ አናጢው ልስኑን ቀርፎ እንዳያይ የከለከሉት እሳቸው እንደሆኑ በራሳቸው አንደበት ተናገሩ።

ቤት ሲገቡ ሚስቱ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እኔ የቆምኩበት እንደሚወድቅ እያወቅክ ነው መጨረሻ ያስቀረኸኝ?»

«እያወቅኩ ነው።»

ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈች።

«እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው» አለች በመጨረሻ። «ግን ለጥቂት ቀን አታናግረኝ።»

አራት ቀን አላናገረችውም። በአምስተኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ፣ ያለ ምንም መግቢያ፣ እዚያ ላይ ሆና እየዘመረች የመዝሙሩ ቃል ሁሉ እንደጠፋባት፣ እስከ መጨረሻው ያንኑ አንድ መስመር ስትደጋግም እንደነበረ ነገረችው። እሱ አላስተዋለም ነበር።