የጉበት ምስክርነት

ዳቦ ጋጋሪዋን ሰፈሩ «ሚዛን» ይላታል። ዳቦዋ ከክብደቱ ጎድሎ አያውቅም፤ ቃሏም እንደዚያው። «ሚዛን ካለች አለቀ» ሲባል እሷም ደስ ይላታል፤ እንዳልሰማች ሆና ሊጧን ታሻለች እንጂ። እንዲህ የታመነ ሰው አንዳንዴ ዝም ማለትም እንዳለበት የሚነግረው ያስፈልገዋል። ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም።

እናታቸው ስትሞት ትንሽ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቁጥብና ዝምተኛ። መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ የጤና ምርመራ ሲያደርግ ደሙ አንሶ፣ የጉበቱ ኢንዛይም ደግሞ ከልክ አልፎ ተገኘ።

«መጠጥ ታበዛለህ?» አለው ሐኪሙ።

«አልጠጣም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ ሐኪሙ ሳቀ። ሾፌሩም ወሬውን ለእህቱ እንደ ቀልድ አቀበላት። ምነው ባልነገራት!

ለሚዛን ጉበት ማለት መጠጥ ነው። አባታቸውን የቀበረው ጉበቱ ነው፣ ጉበቱን የጨረሰው መጠጥ ነው፤ በእነሱ ቤት ይህ ሂሳብ ሌላ መልስ ኖሮት አያውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ድካሙ የስካር ማግስት፣ የሆዱ መነፋት የቢራ፣ የፊቱ መገርጣት የዙረት መሰላት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ መጠርጠሯን ሙያ አደረገችው። ጠዋት ወደ ሥራ ሲያልፍ ጠርታ፣ ከባንኮኒው በላይ ጎንበስ ብላ «እስቲ ተንፍስ» ትለዋለች።

«እትዬ፣ ሰው ያየናል እኮ።»

«ይየና። ተንፍስ።»

ይተነፍሳል። ምንም አይሸትም። እሷ ግን ማስቲካ በልቶበት ይሆናል ብላ ትደመድማለች። ከዚያ ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ ትሰጠዋለች፤ ባዶ ሆድ መጠጥ ይጠራል ብላ። ከበላ በኋላ ሆዱ እንደሚታመስ ያውቃል፣ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም። እህቱ እንዳይከፋት ቆሞ ይጨርስላታል።

በዚያው ሰሞን አንዲት ልብስ ሰፊ ሊያገባ አጭቶ ነበር። አንድ ቀን የልጅቷ አባት ዳቦ ቤቱ ገቡ። አናጢ ናቸው፤ ዳቦ ገዝተው ሳይሄዱ ቆሙ።

«እህቴ፣ አንቺ አትዋሺም ይሉኛል። ወንድምሽ ይጠጣል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?»

ሲጠጣ አይቼው አላውቅም ማለት ትችል ነበር። እሱም እውነት ነበር። ነገር ግን «ሚዛን» የሚለው ስሟ ልቧን አሳበጠው፣ ለወንድሟ ስታደላ መታየትንም ፈራች።

«ወንድሜ ነው፤ ቢሆንም አልዋሽዎትም» አለች። «የደም ምርመራው ወጥቷል። ጉበቱ ራሱ ይመስክር።»

አናጢው የገዙትን ዳቦ ባንኮኒው ላይ ረስተውት ወጡ። ሳምንቱ ሳያልቅ እጮኝነቱ ፈረሰ። ወንድሟ መጥቶ ለምን እንዲህ አደረግሽ እንኳ አላላትም። የሰጠችውን ዳቦ በልቶ ሄደ።

እያደር ከሳ፣ ሱሪው አልቆምለት አለ። በመጨረሻ አንድ ቀን መሪውን እንደያዘ ራሱን አዞረው፤ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ ሌላ ሆስፒታል ሄደ። እዚያ ያገኛት ሐኪም ስለ መጠጥ ጠይቃ፣ አልጠጣም ሲላት አመነችውና «ዳቦ ስትበላስ ምን ትሆናለህ?» አለችው። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀው አልነበረም። ለየት ያለ የደም ምርመራ አዘዘችለት፣ ቀጥሎም በጉሮሮው ቀጭን ቱቦ አስገብታ ከአንጀቱ ናሙና ወሰደች። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው ነገር አልተስማማውም፤ እሱን በበላ ቁጥር ሰውነቱ የገዛ አንጀቱን ይወጋል። አንጀት ሲጎዳ ከምግቡ ብረት አይወስድም፣ ደም ያንሳል። ጉበትም አብሮ ሊነካ ይችላል፤ መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ጉበትም ቢሆን።

ስንዴና ገብስ አቆመ። ወራት አልፈው ደሙ ሲታይ የጉበቱ ውጤት ወደ ልኩ ተመልሷል። ፊቱም ወዝ አወጣ።

«እትዬ» አላት፣ «የሚያመኝ ዳቦ ነበር።»

መጀመሪያ የሚቀልድባት መስሏት ሳቀች። እሱ ሲያስረዳት ግን የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ጠዋት በገዛ እጇ! ቆሞ ሲበላላት ያየችው ፊቱ መጣባት፤ አለቀሰች።

በማግስቱ ዳቦ ቤቷን ዘግታ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄደች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑ አልጠፋትም፣ ግን ሄደች። ልጅቷ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ወንበር አሳየቻት።

«ልጄ፣ ወንድሜ አይጠጣም። በሽታው ሌላ ነበር፣ ተሳስቼ ነው። ለአባትሽም ልንገራቸው።»

«እንደማይጠጣ አውቃለሁ፣ እትዬ። ያኔም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

ልጅቷ የያዘችውን እጅጌ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «አባቴ በሰው ወሬ እንቢ ሲለኝ፣ ሂድና እህቱን ጠይቃት፣ ያሳደገችው እሷ ናት ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። እሷ የምትለውን እቀበላለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። አላውቅም ቢሉት እንኳ ይበቃኝ ነበር። ከዚያም ወንድምዎ መጥቶ ያስረዳኛል ብዬ ስንት ጊዜ ጠበቅሁት። አልመጣም።» ጣቷ ላይ የሌላ ሰው ቀለበት ነበር።

ሚዛን ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄደች። ወንድሟ የፊት መስታወቱን እያጠበ አገኘችው። የሰማችውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረችው፤ ይቅር በለኝም አለችው።

«እሷ አምናኝ ነበር?» አለ።

«አምናህ ነበር። ስትጠብቅህ ኖራለች። ለምን ሄደህ አልነገርካትም፣ ወንድሜ?»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረ፣ ጨመቀው።

«አንቺ ያላመንሽኝን» አለ፣ «እሷ ታምነኛለች ብዬ በምን ልሂድ?»