ማን ነካው?

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ለተጋባዦቹ «ይህን ሁሉ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» ሲል፣ የኤሌክትሮኒክስ መምህርቷ ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ጥርሷን ነከሰች። ዓይን አውጣ! ትምህርት ቤቱ አንዲት አምፖል መግዛት ሲያቅተው፣ ሽቦውም አምፖሉም ኮምፒውተር ላይ ብቻ በሚሠራበት ሲሙሌተር ሰባ ሁለት ትምህርት ያዘጋጀችው እሷ ናት። እሱ ሊንኩን ለምኖ ወሰደ፤ ዛሬ በዚያው ሥራ የአሠልጣኞች ኃላፊ ሊሾም ነው። እሷም ለቦታው አመልክታ ነበር፤ «ልምድ የላትም» ብሎ የፈረመባት እሱ ራሱ ነው።

ደሟ ፈላ። ምክትሉ አንድ ነገር ዘንግቷል፤ ሊንክ እንጂ ቅጂ አልወሰደም። በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የሚታየው የትራፊክ መብራት አሁንም የእሷ ነው፤ እሷ የነካችው ሁሉ እዚያ ይለወጣል። ስልኳን አወጣችና ኮዱ ውስጥ ቀዩ አምፖል የተያያዘበትን መስመር፣ ስምንት ቁጥርን፣ ዘጠኝ አደረገችው፤ ዘጠኝ ላይ ምንም አልተያያዘም።

ምክትሉ «እንግዲህ ተመልከቱ» ብሎ አስጀመረው። አረንጓዴው በራ፣ ቢጫው በራ፣ ቀዩ ወይ ፍንክች። ደገመው። ያው ነው።

«ኔትወርኩ ነው» አለ፣ ላብ እያጠመቀው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ደቂቃ የሚያገኘው ስህተት ፊቱ ተገትሮ አላየውም።

ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው የምክትሉ ሴት ልጅ ናት፤ የመምህርቷ ጎበዝ ተማሪ፣ ሊኮራባት ያስቀመጣት።

«አባዬ፣ ኮዱ ተቀይሯል» አለች ቀስ ብላ።

«ማን ነካው? የለውጡን ዝርዝር ክፈቺው!»

ከፈተችው። አናቱ ላይ የመምህርቷ ስም አለ፤ ከአራት ደቂቃ በፊት።

«ይኸው! በቅናት አበላሸችብኝ!»

መምህርቷ ብድግ አለች። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ከሥሩ ያለውንም ያንብቡላቸው።»

ከተጋባዦቹ መካከል ሹመቱን የሚወስኑት ሴትዮ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «እስቲ ወደ ታች አውርጂው፣ ልጄ።»

የመምህርቷ ስም። ደግሞ የመምህርቷ ስም። አሁንም የእሷው።

«የእርስዎ የታለ?» አሉት ሴትዮዋ።

የመምህርቷ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ስምንቱን ዘጠኝ በማድረጓ ቅንጣት አላፈረችም፤ ይበለው!

ልጅቷ ግን አላቆመችም። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ማንም ሳያዛት፣ የአባቷን ስም እየፈለገች ዝርዝሩን እስከ መጀመሪያው ትምህርት ድረስ አወረደችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ አንድ እንኳ የለም።»