የአጋሙ ቢራቢሮዎች

መንግሥት ለዶክተር ረሻድ ደመወዝ የሚከፍለው ተምችና አንበጣ እንዲያጠፋለት ነው። እሑድ እሑድ ግን መረቡን ይዞ አቃቂ ወንዝ ዳር ወዳለው የአጋም ቁጥቋጦ ይወርዳል። እዚያ ቡናማ ክንፍ ያላቸው ደቃቃ ቢራቢሮዎች አሉ፤ እንቁላላቸውን ከአጋም ቅጠል በቀር የትም አይጥሉም። ተማሪ ሳለ ወንዙን ተከትሎ እስከ ታች ድረስ ያገኛቸው ነበር። ዝናቡ ሲዛባ፣ ውሃው ሲጠቁር፣ ዳሩ ሲታረስ ከየቦታው ጠፉ። አሁን የቀሩት እዚህ ብቻ ነው። እየያዘ ክንፋቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይቀባና ይለቃቸዋል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግን መያዙ እንጂ መልቀቁ አይታይም።

ሰፈርተኛው ሲጠይቀው «ምርምር ነው» ብሎ ያልፋል። ምን ይበል? ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ በሰሜን ሰው በረሃብ እየረገፈ ነው። በዚህ ጊዜ «ቢራቢሮ እንዳታልቅ እየጠበቅኩ ነው» የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ቀበሌ ተጠርቶ ምን እንደሚባል ያውቃል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ዝም አለ፤ ጉድ የሠራችውም ያቺው ዝምታ ናት።

ጎረቤቱ እማማ ዲንቄ ውለታ የማይረሱ ሴት ናቸው። ጎመናቸውን ትል ሲፈጀው መድኃኒት ረጭቶ ያዳነላቸው እሱ ነው። «ይሄ ልጅ በእረፍት ቀኑ እንኳ ቢራቢሮዎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ መቼ ሊጨርሳቸው ነው?» እያሉ ያዝኑለታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተምች ሊያጠፋ ከሄደበት ከሐረርጌ ሲመለስ፣ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ እጁን ይዘው ወደ ወንዙ ወሰዱት። ቁጥቋጦው የለም። ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ተከምሮ ተቃጥሏል፤ አመዱ ገና ይጨሳል። ገጀራና አካፋ የያዙ ጎረቤቶቹ ላባቸውን እየጠረጉ ፈገግ ብለው ያዩታል።

«ለልማት ዘመቻ ስንጠራ ይሄ ይቅደም ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ እማማ ዲንቄ። «ሁለተኛ በፀሐይ አትንቃቃም። ገላገልንህ።»

ረሻድ መጮህ አማረው፤ ግን በማን ላይ ይጩህ? በክፋት ያደረጉት ቢሆን ይጣላቸው ነበር፤ ፍቅርን ምን ብሎ ይከሳል?

«ደከማችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

እማማ ዲንቄ ከነጠላቸው ሥር አንድ የማርማላታ ጠርሙስ አወጡ። ክዳኑን በሚስማር በስተውታል።

«አንዷን አስቀርቼልሃለሁ። የመጨረሻዋን ራስህ ግደላት ብዬ።»

ክንፏ ላይ እሱ የቀባው ነጭ ነጥብ አለ። ክዳኑን ከፈተው፤ ቢራቢሮዋ ወጣች። አመዱ ላይ ዞረች፣ አረፈች፣ ተነሣች፣ ደግሞ ዞረች። ቅጠል የለም። ረሻድ ሰው እያየው እንባው ወረደ።

እማማ ዲንቄ ስላመለጠችው ያለቀሰ መስሏቸው አዘኑለት። ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ፣

«አይዞህ ልጄ» አሉት፣ «ተዋት። የት ትደርሳለች?»