ዘመድ የማያውቀው ቤት

ደገፉ ጦና የ«እፎይታ የዕረፍት መንደር» የሽያጭ ኃላፊ ከሆነ ሁለት ዓመት ሞላው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት የሸጠው ቤት ብዛት፣ ሳናዳላ እንናገርና፣ ዜሮ ነው። መንደሩ ከሶዶ ከተማ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ሽቅብ፣ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ላይ ይገኛል። መንደር ይባል እንጂ ተሠርቶ ያለቀው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የቀሩት አሥራ አንዱ ያሉት ብሮሹሩ ላይ ነው። ብሮሹሩ ላይ መዋኛ ገንዳም አለ፤ ገንዳው ዳር አንዲት ባለ ጥቁር መነጽር ሴት ተጋድማለች። ቦታው ላይ ያለው ግን ለገንዳው ተቆፍሮ የቀረ ጉድጓድ ነው። ክረምት ሲመጣ እንቁራሪቶች ያለ ቅድመ ክፍያ ይገቡበታል።

ጥፋቱ የደገፉ አልነበረም። ዶላር ሲወጣ ሲሚንቶም ብረትም ተከትለውት ወጡ፤ ድሮ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ቦታ ዋጋ ያወራ የነበረ ነጋዴ ሁሉ ስለ ዘይት ማውራት ጀመረ። የሚኖርበትን ቤት ኪራይ መክፈል ላቃተው ሰው፣ የሚያርፍበት ሁለተኛ ቤት ግዛ ብሎ መምከር ድፍረት ይጠይቃል። ደገፉ ግን ይመክራል፤ ሥራው ነዋ። አንድ ጊዜ አንድ ሐኪም አግባብቶ ቢሮው አስቀመጠው፤ ሐኪሙ ስለ ንጹሕ አየር የሚነገረውን ገለጻ ሳይጨርስ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። የአገሩ ተወላጆች ደግሞ ይስቁበታል። «ዕረፍት ከወጣሁማ የአባቴ ቤት አለ አይደለም እንዴ?» ይሉታል። «ጊፋታን ሌላ ቤት ባድር ሰው ምን ይለኛል?» ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም፣ ያለ የሌለ ዘመድ ሁሉ አንድ ቤት ይሰበሰባል።

ለራሱ ቢሆን ኖሮ ደገፉ ሥራውን ጥሎ ወደ መምህርነቱ በተመለሰ ነበር። የያዘው አባቱ ነው። መንደሩ ካረፈበት መሬት ግማሹ የአባቱ የአቶ ጦና እንሰትና አቮካዶ የነበረበት ጓሮ ነው። ሽማግሌው መሬቱን የለቀቁት ድርጅቱን አምነው አይደለም፤ «ልጄ ካለ ልክ ነው» ብለው ነው። በውሉ መሠረት የመጀመሪያው ቤት እንደተሸጠ ግቢው ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ይሠራላቸዋል። እስከዚያው ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ ማደሪያቸውም በሩ አጠገብ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ሆነች። ሁለት ክረምት እዚያች ውስጥ ከረሙ። በሁለተኛው ክረምት ደረታቸው ያፏጭ ጀመር። ደገፉ ያንን ድምፅ በሰማ ቁጥር በራሱ ያፍራል።

በመጋቢት አለቃው መክብብ ከአዲስ አበባ ደወለ። «እስከ ግንቦት መጨረሻ አንድ ቤት ካልሸጥክ ቅርንጫፉን እዘጋለሁ» አለው።

«የአባቴስ ቤት?»

«ምንም ሳይሸጥ በምን ልሥራው? አንተ ደግሞ፣ አዎንታዊ ሁን እንጂ።»

ደገፉ አዎንታዊ ሆኖ አዲስ አበባ ለሚኖሩ የወላይታ ተወላጆች አንድ በአንድ መደወል ያዘ። አሥራ ዘጠነኛው አቶ አሮን የሚባል የአረካ ሰው፣ የመኪና ጎማ ነጋዴ ነበር።

«ወንድሜ፣ እኔ ዕረፍት ስወጣ አባቴ ቤት ነው የምገባው» አለ አቶ አሮን እንደ ሌሎቹ።

«እሺ፤ ግን እዚያ ሲገቡ ያርፋሉ?» አለ ደገፉ። ተስፋ ቆርጦ ነው እንጂ ብልሃት ነው ብሎ አልነበረም።

በዚህች ጥያቄ የአቶ አሮን ግድብ ተሰበረ። «ባለፈው ጊፋታ አርባ ሰባት ሰው ነው የጠበቀኝ። አንዱ ልጄን አስተምርልኝ፣ አንዱ ጣሪያዬ ያፈሳል፣ አንዷ ባሏን ሥራ አስገባልኝ። ሥራ መቀዝቀዙን ማን ይንገራቸው? ኑሮ በከበደ ቁጥር እኔ የከበርኩ ይመስላቸዋል። ሽንት ቤት ገብቼ እንኳ በሩ ላይ ቆመው ያወሩኛል።»

ለደገፉ የበራለት ይህን ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ንጹሕ አየር ሲሸጥ የኖረው በከንቱ ነበር። ለካ በዚህ የኑሮ ውድነት ዘመን ገንዘብ ያለው ሰው የሚገዛው አየር ሳይሆን መደበቂያ ነው።

«አቶ አሮን፣ ይኼ እኮ ዘመድ የማያውቀው ቤት ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አጥሩ ሦስት ሜትር ነው። በሩ ድፍን ላሜራ ነው። ታፔላ የለንም።» ታፔላው የሌለው ነፋስ ስለወሰደው ነበር።

«ዘበኛውስ?» አለ አቶ አሮን። አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። አጥር ምን ያደርጋል? ዘበኛው በር ሲከፍት የማን ልጅ ነህ፣ ከየትኛው ጎሳ ነህ ብሎ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝምድና ይወጣል፣ ሲመሽ ጎሳው በሙሉ ሰምቷል።

«ዘበኛው ዘመድ የለውም» አለ ደገፉ።

«ልጅም?»

«ልጅም የለውም።»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ የባጃጅ ሾፌሩን ቀስ በል እያለ ወደ ተራራው ወጣ። አቶ ጦና ሁሉንም አዳምጠው ሲያበቁ መሬት መሬት አዩ።

«እኔን ነው ዘመድ የለውም ያልከው?» አሉ በወላይትኛ።

«ለአንድ ቀን ነው፣ አባባ። ጎሳውንም እንዳይጠይቁት።»

«ጎሳውን ካልጠየቅኩ ሰው መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ቤቱ እኮ ለእርስዎ ነው የሚሠራው። እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ሦስተኛ ክረምት አይከርሙም።»

«እሺ፣ ታ ናዓው» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው።

አቶ አሮን የመጣው ጎረቤት ሁሉ ገበያ በሚወርድበት ቀን ነው፤ ቀኑን የመረጠው ደገፉ ነው። መኪናው መስኮቱ ጥቁር ነበር። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ባለቤቱ ሜሪ አብራው ነበረች። አቶ አሮን ከአማርኛ በቀር አንዲት ቃል አልወጣውም፤ ወላይትኛ ካወራ አረካነቱ ይታወቃል ብሎ ፈርቷል። ሜሪ ቧንቧ ከፈተች፣ ምንም አልመጣም። «ውሃው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው» አለ ደገፉ። እዚህ ምን ይሠራል ብላ ስትጠይቀው «ምንም አይሠራም» አላት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የተናገረው እውነት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሷ ግን ወደደችው።

ነገሩ የተበላሸ የመሰለው ሲወጡ ነው። አቶ ጦና በሩን ከፍተው በትራቸውን ይዘው ቆሙ። የማን ልጅ ነህ ብለው አልጠየቁም። አቶ አሮን አለፋቸውና ተመለሰ። ዕድሜ ልኩን ሲሸሸው የኖረው ጥያቄ ሳይመጣ ሲቀር ጊዜ ጨነቀው። ሳያስበው በወላይትኛ ራሱ ጠየቀ፤ «አባ፣ እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?»

«የማንም» አሉ አቶ ጦና።

«ልጅስ?»

ሽማግሌው ደገፉን አዩት፤ ብዙም አላዩትም። «ነበረኝ» አሉ። «አሁን የለኝም።»

አቶ አሮን ለባለቤቱ ተረጎመላት። ሜሪ «ያሳዝናል» ብላ ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ ሰጠቻቸው። አቶ አሮን ግን ፊቱ በራ። «ቤቱን ወስጃለሁ» አለ። «እኚህ ሰውዬ ግን ከዚህ እንዳይነሱ። በውል ይግባልኝ።»

ገባለት። አንቀጽ አሥራ አራት፦ «ዘበኛው ዘመድ የሌለው መሆኑንና ወደፊትም ዘመድ ነኝ የሚል ማንኛውንም ሰው ወደ ግቢው የማያስገባ መሆኑን ሻጭ ያረጋግጣል።» ሻጭን ወክሎ የፈረመው ደገፉ ነው። አቶ ጦናም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከሥሩ አተሙ። ማታ መክብብ በደስታ ሰክሮ ደወለ። «ዘመድ የሌለው ዘበኛ! ይኼን እንዴት እስከ ዛሬ ደበቅከኝ? ለቀሩትም ቤቶች አሥራ አንድ እንደዚህ ያሉ ሰዎች ፈልግልኝ» አለው።

ሁለቱ ክፍሎች ሰኔ ላይ አለቁ። ብሎኬቱ ደህና ነው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ በሩ አረንጓዴ ተቀብቷል። ደገፉ ይህን የሚያውቀው ከግንበኛው ነው፤ ዝምድናው እንዳይታወቅ ከውሉ ወዲህ ወደ ግቢው አልገባም።

የጊፋታ ዕለት ደገፉ ከቅርጫው ድርሻው ላይ ለአባቱ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ መርጦ በኮባ ጠቀለለ፣ ማባያ የሚሆን የቃሪያ ዳጣም በትንሽ ብልቃጥ ያዘ። ቁልቁል ከየመንደሩ የዘፈን ድምፅ ይመጣ ነበር። አቶ አሮን ለአረካ ቤተሰቡ «ዘንድሮ ሥራ ስለበዛብኝ አልመጣም» ብሎ ደውሎ፣ እዚህ በረንዳው ላይ ከሜሪ ጋር ፓስታ እየበላ ነው። ደገፉ በሩን ቀስ ብሎ አንኳኳ።

በሩ አንድ ስንዝር ተከፈተ። አቶ ጦና ወፍረዋል፤ ደረታቸውም አያፏጭም።

«ማነው?» አለ አቶ አሮን ከበረንዳው።

«መንገደኛ ነው፣ ጌታዬ» አሉ አቶ ጦና። «ውሃ ጠምቶት ነው።»

በሩን መልሰው ዘጉ። ደገፉ የሸጠው ቤት፣ ልክ እሱ እንዳለው፣ ዘመድ አያስገባም። ጥቂት ቆይተው በኩባያ ውሃ ይዘው መጡ፤ ጥቅሉን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሱን መልስ። ዘመድ የሌለው ሰው የጊፋታ ሥጋ ከየት አመጣ ይሉኛል።»

ደገፉ ጥቅሉን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ውሃውን እስከ ታች ጠጣው፤ ከበረንዳው ሰው እያዳመጠ ነው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«አብሮ ይስጠን፣ የሰው ልጅ» አሉ አባቱ፤ ኩባያቸውን ተቀብለውም በሩን ዘጉት።