የፋሲካ ማግስት ዓሣ

ወንድሜነህ በፋሲካ ማግስት አሜሪካ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ሲነዳ አንድ ነገር ብቻ ነበር ማወቅ የሚፈልገው።

«ቤቱን ታውቂዋለሽ?»

«ከየት አውቄው? አድሬሱን ቴክስት አድርጎልኛል» አለች ሚስቱ ውባንቺ።

የጠራቸው ቢሾይ ነው፤ ከውባንቺ ጋር በጥርስ ክሊኒክ የሚሠራ ግብፃዊ። ስሙ እቤታቸው ሳይነሳ የዋለበት ቀን የለም፤ ወንድሜነህ ዘንድሮ እምቢ ያላለው ሰውየውን በዓይኑ ሊያይ ነው።

በሩ ሲከፈት ሽታው ቀድሞ ወጣ። ግብፆች በፋሲካ ማግስት የሚበሉት፣ ፈሲኽ የሚሉት ዓሣ ነው፤ በጨው ተቀብሮ ሳምንታት የከረመ፣ እሳት ያልነካው። ዙሪያውን ሎሚና ሽንኩርት ተደርድሮለታል። የቢሾይ እናት፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አሮጊት፣ ጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጠዋል።

«ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ይሄን ይፈራል?» ብሎ ቢሾይ በእንግሊዝኛ ቀለደ። ወንድሜነህ አልሳቀም።

ውባንቺ ቢላዋ ልታመጣ ተነሳች። ኩሽናው ከተቀመጡበት ይታያል፤ ሦስት መሳቢያ አለው። መሃለኛውን ሳበችና ቢላዋውን አወጣች። አላመነታችም፤ ማንንም አልጠየቀችም።

ወንድሜነህ ከነወንበሩ ወደ ኩሽናው ዞረ።

«የት እንዳለ ማን ነገረሽ?» አለ በአማርኛ።

«ወንዴ! በሰው ቤት!»

አሮጊቷ ጠቡ አልገባቸውም። «አምናም እሷ ናት የዓሣውን እሾህ የለቀመችልኝ» አሉት በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ሚስቱን እያመሰገኑለት።

አምና በዚህ ቀን ኦቨርታይም አለብኝ ብላው ነበር።

«ዋሸሽኝ።»

«ዋሸሁህ። አብረን እንሂድ ስልህ ምን አልክ? ‹የበሰበሰ ዓሣ የሚበላ ሰው ደጅ አልረግጥም፤ አንቺም አትረግጪም።› እሳቸው ደግሞ እየጠበቁኝ ነበር።»

«እሳቸው ናቸው የጠበቁሽ?»

አንድ እጅ ወደ ፊቱ ተዘረጋ። አሮጊቷ ዓሣውን በቂጣ ጠቅልለው «ጉርሻ» አሉት፤ በአማርኛ። ማን እንዳስተማራቸው መጠየቅ አላስፈለገውም። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሎሚው ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። ውባንቺ እሱንም ቢሾይንም አላየችም፤ ዓይኗ ያ እጅ ላይ ነበር።

አፉን ከፈተ። ጨው ምላሱን አቃጠለው፤ እንደምንም ዋጠ።

«እሾሁን ዛሬ እኔ እለቅምልዎታለሁ፣ እማማ» ብሎ ሌላ ቢላዋ ፍለጋ ተነሳ። የመጀመሪያውን መሳቢያ ሳበ፤ ፎጣ ነው። ሦስተኛውን ሳበ፤ ክዳን ብቻ።

«መሃለኛው ነው» አለች ውባንቺ ከኋላው።

«አውቃለሁ፤ ስትከፍቺው አይቻለሁ» አለ፣ መሳቢያውን በኃይል እየዘጋ።